ሮቤ ያለው የደራራ ባሕር

ባሕር አይቼ አላውቅም የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ ደስ ይለኛል፤ ወሬ አገኘሁ ማለት ነው። እኔ ዳቢሴ፣ ፊደል ያልቆጠርኩት፣ በዕድሜዬ ሙሉ ከሻሸመኔ ወዲያ ያላለፍኩት፣ ባሕር አይቻለሁ። ያውም እዚሁ ሮቤ፣ ሰው ሳሎን ውስጥ፣ ሶፋ ላይ ተቀምጬ። ጣቴን ነክሬም ቀምሼዋለሁ። ጨው ነው፤ ግን የኛ ወጥ ውስጥ እንደሚገባው አይደለም፣ መጨረሻው ላይ መረር ይላል። ይኼን የሚያውቅ ሌላ ሽማግሌ በዚህ ከተማ ካለ ይምጣና ይከራከረኝ።

ባሕሩ የጎረቤቴ የደራራ ነው። ደራራ ከባድ መኪና ነጂ ነው፣ ተሳቢ ያለውን። ጅቡቲ ወርዶ ከወደብ ማዳበሪያ ይጭንና ለባሌ ገበሬ ያመጣል። የባሌ ስንዴ፣ የባሌ ስንዴ ይባላል። ስንዴውን ሁሉም ያነሳል፤ ማዳበሪያውን ያንን ሁሉ በረሃ ጎትቶ ያመጣውን ሰው ግን ማን ያነሳዋል? እኔ አነሳዋለሁ።

ሌላው ሹፌር ከጅቡቲ ሲመለስ ቴምር ያመጣል፣ ሽቶ ያመጣል፣ ብርድ ልብስ ያመጣል። ደራራ ያመጣው ውሃ ነው። አዎ፣ ውሃ! በቢጫ ጀሪካን፣ ከማዳበሪያው ጎን አስሮ። ሚስቱ ማናልበሽ በር ላይ ቆማ፣ "አንተ ሰው፣ ቧንቧው ጠፋ ስልህ ጨው ውሃ ታመጣልኛለህ?" ስትለው ሰምቻለሁ። እሱ ይስቃል። መስታወት ቆራጭ ዘንድ ሄዶ ወፍራም ወፍራሙን አስቆረጠ፣ ራሱ በሲልኮን አጣበቀው፣ የሙሽራ ሣጥን የሚያህል ነገር ሠራ። ታች የጅቡቲ ዳርቻ ድንጋይ ደረደረበት። የባሕር ድንጋይ እንደኛ ድንጋይ ሙት አይደለም። ቀዳዳ በቀዳዳ ነው፣ ላዩ ላይ አበባ የመሰለ ነገር ይበቅልበታል፣ ሐምራዊ፣ አረንጓዴ፣ መብራት ሲበራለት የሚፈነዳ።

ልጁ ሀዋኒ ጎባ መሥሪያ ቤት ነው የምትሠራው፣ ጠዋት በሚኒባስ ትሄዳለች ማታ ትመለሳለች። "አባባ ዳቢሴ፣ አበባ እኮ አይደለም። እንስሳ ነው፣ ኮራል ይባላል" አለችኝ።

"እንስሳ ከሆነ ለምን አይሄድም?" አልኳት።

የተማረ ሰው ሁለተኛው ጥያቄ ላይ ይቆማል፤ እኔ ብዙ አይቻለሁ።

በመጨረሻ ቁርጡሚውን አመጣው፣ ዓሣውን። ብርቱካን የመሰለ፣ ሁለት ነጭ ጥለት የዞረበት፣ ከአውራ ጣቴ ብዙ የማይበልጥ። አንድ የጅቡቲ ዓሣ አጥማጅ ሰጥቶት ነው። በሃይላንድ ላስቲክ ውስጥ አድርጎ፣ በመኪናው ባትሪ የምትሠራ ትንሽ አየር መንፊያ ገጥሞለት፣ አዋሽን፣ አዳማን፣ አሰላን አቋርጦ በሕይወት ሮቤ አገባው። እኔ በጉብዝናዬ ዳማ ፈረስ ይዤ የሳነቴን ተራራ በበረዶ ተሻግሬያለሁ፣ ሰው ሁሉ ይሞታል ብሎ ሲያለቅስልኝ። ያንን እንኳ ከዚህ ጋር አላወዳድርም፣ የኔው ትንሽ ቢበልጥም።

የሮቤን ብርድ ታውቁታላችሁ። ለዓሣው ማሞቂያ ተገዛለት። ሰፈሩ፣ "እኛ በጋቢ፣ የደራራ ቁርጡሚ በማሞቂያ" እያለ ከረመ። ውሃው ሲተን ደራራ የዝናብ ውሃ ይሞላል። "ጋሽ ዳቢሴ፣ የሚተነው ውሃው ብቻ ነው፣ ጨዉ እዚያው ይቀራል" አለኝ። ወዲያው ነው የገባኝ።

ከዚያ ደራራ ወደቀ።

አምና ነው፣ ደጃፉ ላይ፣ ጎማ ሲፈትሽ። ደም ግፊት። ቀኝ ጎኑን ያዘው፣ አንደበቱንም ያዘው። ጎባ ሆስፒታል ሰንብቶ ወጣ። ማናልበሽ አልጋውን ሳሎን አስገባችው፣ ጓዳው ጨለማ ስለሆነ። ያ ሳቂታ፣ ያ ከመኪናው ወርዶ "ጋሽ ዳቢሴ፣ ነጋ ጅርታ?" ሲለኝ ሰፈሩን የሚያናውጥ ሰው፣ ጣራ እያየ ተጋደመ። ስሙን ብትጠራው አይዞርም። ልጁ እጁን ብትይዘው አይዞርም። አንድ ቀን ማናልበሽ ልብሱን ልትቀይር ወደ መስታወቱ ገልበጥ ስታደርገው ዓሣው ከዚህ ወደዚያ ሄደ፤ የደራራ ዓይንም አብሮ ሄደ። ተመለሰ፤ ዓይኑም ተመለሰ። ቤቷን ጥላ እየሮጠች እኔ ጋ መጣች። "ጋሽ ዳቢሴ፣ ኑ! አለ! ባለቤቴ ውስጥ አለ!"

ሄድኩ፣ አየሁ፣ እውነት ነው። ከዚያ ወዲያ የዚያ ቤት ነገር ሁሉ ዓሣው ላይ ተንጠለጠለ። ማናልበሽ የዲንሾ ከብት አርቢ ልጅ ናት፣ ዓሣ በልታም አታውቅም። ማሞቂያውን መፈተሽ፣ የዝናብ ውሃ ማጠራቀም፣ መብራት ሲጠፋ አየር መንፊያውን ከመኪናው አሮጌ ባትሪ ጋር ማያያዝ፣ ሁሉን ተማረች። ደራራ የሚያየው ነገር እንዳይጠፋበት፣ ሌላ ምንም አይደለም።

መዘዙ የመጣው ከገና በኋላ ነው። ደራራ ሳይታመም በመጨረሻ ካመጣው ድንጋይ ቀዳዳ ውስጥ አንዲት ነገር ብቅ አለች። ውሃ የሞላባት የምትመስል፣ ቡናማ፣ ግንዷ ቀጭን፣ ጫፏ ላይ ጣት የበዛባት። ማናልበሽ ጠርታ አሳየችኝ። "አዩ፣ ደራራ የተከለው አበባ በቀለ!" እልልታ ነበር የቀራት። ሳምንት ሳይሞላ እኅቶቿ መጡ። ከዚያ የእኅቶቿ ልጆች። ያቺ ነገር ሐምራዊውን ኮራል በጣቷ ስትነካው ይኮማተራል፤ በማግስቱ ይነጣል፣ ከዚያ ይበሰብሳል። ለካ ትናደፋለች! ዓሣው ቤቱ እዚያ ሐምራዊው ውስጥ ነበር። ቤቱ ሲፈርስበት ከማሞቂያው ጀርባ ገብቶ ተወሸቀ፣ መውጣት ተወ። ደራራ ዓይኑን መስታወቱ ላይ ከዳር ዳር ያንከራትተዋል፣ አያገኘውም። አንዳንዴ እንባ ይወርደዋል። ሐኪሞቹ የነርቭ ነው ይላሉ። ይሁን። እኔ ግን የነርቭ እንባና የሌላ እንባ ለይቼ አላውቅም።

"ይኼ አረም ነው" አለች ማናልበሽ። "አረም ደግሞ ይታረማል።"

የወጥ ቤት ቢላዋ ይዛ፣ እጅጌዋን ጠቅልላ እስከ ብብቷ ገባች። ፈገፈገችው፣ ነቀለችው፣ ቆረጠችው። እኔ ከሶፋው ላይ ሆኜ፣ "በስተግራ! ከድንጋዩ ሥር አንዷ አለች!" እያልኩ እመራለሁ። ስለ አረም የማታውቁ እንዳትኖሩ ልንገራችሁ። ስንዴ ውስጥ ሙጃ አለ፤ በእጅህ ነቅለህ ትጥላለህ፣ አለቀ። ሰርዶ አለ ደግሞ፤ እሱን ስትቆርጠው ተባዛ ብለህ መረቅከው ማለት ነው፣ እያንዳንዱ ቁራጭ ሥር ያበቅላል። እኛ ሙጃ መስሎን ነበር። ሰርዶ ሆና ተገኘች። በሁለተኛው ሳምንት ድንጋዩ በሙሉ፣ መስታወቱ በሙሉ፣ ማሞቂያው ራሱ ጣት አወጣ።

ሀዋኒ በስልኳ ፈልጋ አዲስ አበባ ያለ የዓሣ ነጋዴ አገኘች። ሁላችንም እንድንሰማ ድምፁን ከፍ አደረገችው።

"የት ነው ያላችሁት?" አለ ሰውዬው።

"ሮቤ።"

"ሮቤ... ባሌ ሮቤ? የጨው ውሃ? ኮራል?"

"አዎ።"

"እየቀለዳችሁ ነው?" አለ። አለመቀለዳችንን ሲያውቅ፣ "ቆረጣችኋት እንዴ?" አለ።

"በቢላዋ" አለች ማናልበሽ።

"ወይኔ እናቴ!" አለ። እንደዚያ ሲል እኔም ወይኔ አልኩ፣ ምኑንም ሳላውቅ። የምትበላት ሽሪምፕ የምትባል ፍጥረት አለች አለ፣ እሷ ግን እዚህ አገር የለችም። ያለው ዘዴ ሁሉን ማፍረስ ነው። ዓሣውን ለብቻ ማውጣት፣ ድንጋዩን አውጥቶ ፀሐይ ላይ ማድረቅ፣ መስታወቱን መፋቅ፣ ከዚያ በአዲስ የባሕር ውሃ መጀመር። "አሮጌውን ውሃ እንዳትመልሱት፣ ዘሯ እዚያ ውስጥ ነው። አዲሱ ውሃ እጃችሁ ሳይገባ ደግሞ እንዳታፈርሱ።"

ይኼን የመጨረሻ ቃል አለመጠበቃችን ነው የጎዳን። አዲሱ ውሃ መንገድ ላይ ነው ብለን ነበረ። ወዚር የሚባል የደራራ ጓደኛ አለ፣ እሱም የማዳበሪያ ሹፌር። ጅቡቲ ሳለ ውሃ እንዲቀዳላት ማናልበሽ ነግራው ነበር፤ አሁን ደወለችለት።

"ማኔ፣ ጀሪካኑን ሁሉ ሞልቻለሁ፣ ጭኛለሁ፣ ወላሂ ወጥቻለሁ" አለ። "ነገ ካልሆነ ከነገ ወዲያ ኢንሻአላህ በር ላይ ነኝ። ደሬን ባሕሩ መጣ በይው።"

የሹፌር ሚስት የሹፌርን "ወጥቻለሁ" ማወቅ ነበረባት። ሹፌር ወጥቻለሁ ካለ ገና ጫማውን እያሰረ ነው፤ ደርሻለሁ ካለ ወጥቷል። ግን የሷ ደራራ እንደዚያ አልነበረም። አዋሽ ነኝ ካለ አዋሽ ነው። እሷ የምታውቀው ሹፌር እሱ ብቻ ስለነበረ አመነች።

በማግስቱ አፈረሰችው። ሀዋኒ ከሥራ ቀርታ ታግዛለች። ዓሣውን በማንኪያና በወንፊት ከማሞቂያው ኋላ አስወጥተው ሰማያዊ ሳፋ ውስጥ አደረጉት፣ ከአሮጌው ውሃ ላይ ጠራ ጠራ ያለውን ቀድተውለት፣ ማሞቂያውንና አየር መንፊያውን ጨምረውለት። ሳፋውን ከደራራ አልጋ አጠገብ በርጩማ ላይ አስቀመጡለት። ግን ሳፋ መስታወት አይደለም፤ ከጎን አያሳይም። ደራራ ሰማያዊ ላስቲክ ነው የሚያየው።

ድንጋዩን ግቢ ውስጥ ቆርቆሮ ላይ ዘረገፉት። ፀሐይ ላይ አድርቁ ተብለናላ! ሚያዝያ ነው። የሮቤ ሚያዝያ ፀሐይ የት አላት? ጉም፣ ካፊያ፣ ጉም። ድንጋዩ ረጥቦ ዋለ፣ ረጥቦ አደረ። ያቺ ጉድ ቀዳዳዋ ውስጥ ተሸጉጣ ቆየችና በማግስቱ ማናልበሽ ትንሽ ውሃ ጠብ ብታደርግላት ጣቶቿን ዘረጋች።

ያኔ ነው ማናልበሽ ሆራ ያለችው።

እንግዲህ ለማያውቅ፣ ሆራ ከመሬት የሚወጣ ጨዋማ ውሃ ነው፣ የከብት መድኃኒት። ባሌ ውስጥ ከብቱን በዓመት በዓመቱ ሆራ የማያወርድ ሰው የለም። የከሳች ላም ሆራ ጠጥታ ስትመለስ ጸጉሯ ያብረቀርቃል፣ ሆዷ ውስጥ ያለ ትል ሁሉ ይወጣል፣ ወተቷ ይጨምራል። እኔ በሬዎቼን ይዤ ሆራ ስወርድ የሚያየኝ ሰው መንገድ ይለቅ ነበር፤ እንዲያውም አንዱ በሬዬ፣ ቦራው... ተዉት፣ እሱ የራሱ ቀን ይፈልጋል። ማናልበሽ እንዲህ አለች፦ "ጨው ከሆነ እሷም ጨው ናት። ትልን የምታወጣ ከሆነ ይኼስ ከትል በምን ይለያል?"

ሀዋኒ፣ "እማዬ፣ ጨው ሁሉ አንድ አይደለም" አለች።

"አንቺ የቢሮ ልጅ ነሽ። እኔ ሆራ ላይ ነው ያደግኩት።"

እኔም ትክክል ነች አልኩ። ባሌ ውስጥ ማንንም ጠይቁ፣ ትክክል ነች ይላል።

ጀሪካን ይዛ በሚኒባስ ወደ ዲንሾ ሄደች። ሀዋኒ ሥራ ገብታለች። ደራራና ዓሣው ለእኔ ቀሩ። "አይዞሽ፣ እኔ እያለሁ ምን ይመጣል" አልኳት። ከደራራ አጠገብ ቁጭ ብዬ፣ ሶፍ ዑመር ዋሻ ያለ ባትሪ የገባሁበትን ነገርኩት። ይኼን ወሬ የማይወድ ሰው አላጋጠመኝም። የሌሊት ወፉን ነገርኩት፣ የወይብ ወንዝ ጨለማው ውስጥ ሲያጉረመርም ነገርኩት፣ የመውጫው ብርሃን ልክ ሲታየኝ የሚለው ቦታ ላይ ስደርስ መብራት ጠፋ። አየር መንፊያው እርር አለና ዝም አለ። የመኪናውን ባትሪ ፈልጌ አገኘሁ፤ ሁለት ሽቦ አለው፣ የትኛው ከየትኛው ጋር እንደሚገናኝ አላወቅሁም። ፈረስ ብትሰጡኝ በጨለማ እጭናለሁ። ሽቦ ግን...። በእጄ ውሃውን ማማታት ጀመርኩ። አየር ይገባል ብዬ። ክንዴ እስኪዝል አማታሁት። ደራራ ያየኛል ወይስ አያየኝም አላውቅም። "አይዞህ" እለዋለሁ። ለሱ ልበለው ለዓሣው፣ እሱንም አላውቅም።

ማናልበሽ ጀሪካኗን ተሸክማ ስትገባ እጄ ውሃው ውስጥ ነበር። ጀሪካኗን አስቀምጣ ሽቦውን አገናኘችው።

ድንጋዩን ሆራ ውስጥ ነከረችው። ማመን አቃተን! ያቺ ባለ ጣት እንደ ቀለጠ ጄል ሆና ከየቀዳዳው ወጣች። የቀሩት ኮራሎችም አብረው ሞቱ፣ ድንጋዩ አጥንት መሰለ፤ ግን የሷ ዘር ጠፋ። ማናልበሽ ግቢ ውስጥ ቆማ ሳቀች። ደራራ ከወደቀ ወዲህ ስትስቅ ያየኋት ያኔ ነው። "አላልኩም? ሆራ እኮ ናት! ደራራ፣ አንተ! ነቀልናት!" እያለች ወደ ውስጥ ገባች።

ቀረ ወዚር። ወዚር ግን አልመጣም። ስንደውል አዋሽ ነው፤ ደግሞ ስንደውል አሁንም አዋሽ ነው። ከዚያ ስልኩ ጥሪ አይቀበልም። ከዚያ ዶዶላ ላይ መኪናው ተሰብሮ ዕቃ እየጠበቀ ነው። የሳፋው ውሃ መሽተት ጀመረ። ዓሣው ወደ ላይ መጥቶ አፉን ይከፍታል፣ ይዘጋል። ቀለሙ ገርጥቷል፣ ጎድኑ ገባ ብሏል። ማናልበሽ ሳፋው ላይ ጎንበስ ብላ ትውላለች።

"ከስቷል" አለችኝ። "ጋሽ ዳቢሴ፣ የከሳ ከብት ምን ይሰጠዋል?"

መልሱን እናንተም ታውቁታላችሁ። እሷም እያወቀች ነው የጠየቀችኝ። ድንጋዩን ያዳነላትን ውሃ አንድ ኩባያ ቀድታ በቀስታ፣ ጨቅላ እንደምታጥብ፣ በሳፋው ዳር አፈሰሰችው።

መጀመሪያ ነቃ። እውነት ነቃ! ሳፋውን ዞረ፣ ፈጠነ። "አዩት! አዩት!" አለች። ከዚያ ይበልጥ ፈጠነ፣ የሳፋውን ግድግዳ መታ፣ ጎኑን ገለበጠ። እጇን ሰዳ ደግፋ ልታቆመው ሞከረች። ዓሣ አይደገፍም። እጇ ላይ እንዳለ ቆመ።

ረፋድ ላይ ነበር። ማናልበሽ ዓሣውን በሻይ ማንኪያ አውጥታ በስኒ ማስቀመጫ ላይ አኖረችውና አጠገቡ ተቀመጠች። እኔ ለለቅሶ ቤት የሚነገር ቃል ሞልቶኛል፤ ሰው ሲሞት እኔን ነው የሚጠሩኝ። ለዚህ ግን ያደረግኩት አየር መንፊያውን ከሳፋው ማውጣት ብቻ ነው።

ከሰዓት በኋላ በሩ ላይ ክላክስ ተነፋ። የከባድ መኪና ክላክስ። ደራራ ዓይኑን ወደ በሩ አዞረ! ወዚር ዘይት በዘይት ሆኖ፣ ጀሪካን በሁለት እጁ፣ እየሳቀ ገባ።

"ደሬ፣ ወንድሜ! ባሕሩን ይዤልህ መጣሁ! ኦቦ ዳቢሴ፣ ተነሡ አግዙኝ እንጂ፣ ሽማግሌ ሆንኩ ብለው ሊያመልጡ ነው?"

ማንም አልሳቀም። ማስቀመጫውን አየ። ጀሪካኖቹን መሬት አስቀመጠና ኮፍያውን አወለቀ። "ላ ኢላሃ ኢለላህ" አለ በቀስታ። ቆይቶ፣ "ውሃውን ታዲያ ምን ላድርገው?" አለ።

"ጨምረው" አለች ማናልበሽ።

ጨመርነው። ነጩን ድንጋይ ደረደርን፣ ጀሪካን በጀሪካን ገለበጥን፣ ማሞቂያው ገባ፣ መብራቱ በራ። እንደዚያ የጠራ ውሃ ዕድሜዬን አይቼ አላውቅም። ደራራን ወደ መስታወቱ ገልበጥ አደረግነው። ዓይኑ ከግራ ጀመረ። እያንዳንዱን ድንጋይ አየ፣ ከሥሩ አየ፣ ከማሞቂያው ኋላ አየ። ቀኙ ጥግ ደረሰና ተመለሰ። ማናልበሽ በፊቱ ተንበረከከች።

"የለም፣ ደራራ። ሞተ። እኔ ነኝ፣ ሆራ ሰጠሁት።"

ዓይኑን ጨፈነ። ሰማት አልን። ቆይቶ ገለጠና እንደገና ከግራ ጀመረ።

ወዚር በሚቀጥለው ጭነት ሌላ አመጣለሁ ብሏል። የሚቀጥለው ማዳበሪያ መቼ እንደሚመጣ የሚያውቅ የለም፣ ያ ዓሣ አጥማጅም የት እንዳለ የሚያውቀው ደራራ ብቻ ነው። ማናልበሽ ባዶውን ባሕር ታሞቃለች፣ የዝናብ ውሃ ትሞላለች። ጠዋት ጠዋት ደራራ ሲፈልግ ትነግረዋለች፤ ይጨፍናል፣ ይገልጣል፣ ይፈልጋል። ትናንት ሄጄ ነበር።

"ጋሽ ዳቢሴ፣ እርስዎ ነገር ያውቃሉ" አለችኝ። "መንገሩን ልተወው ወይስ ልንገረው?"

እኔ ዳቢሴ፣ ስንት ደም አስታርቄያለሁ፣ ስንት ሽማግሌ ዝም ሲል ተናግሬያለሁ። ደራራን አየሁት። ዓይኑ ከማሞቂያው ኋላ ነበር። "እኔ እንጃ፣ ልጄ" አልኳት፣ እሱ ፍለጋውን ጨርሶ ወደ ግራው ጥግ እስኪመለስ ድረስም አጠገቧ ተቀመጥኩ።